በመቀስና በማስመሪያ የተሠራ ሙዚቃ፦ የቴሌቪዥን ድራማ ድምፆችና የመግነጢሳዊ ቴፕ ፊዚክስ

በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ይሆናል፤ ድምፁ እየወፈረ፣ ዘፈኑም እየተጎተተ ይሄዳል። በቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢ ካሴት ይሸጥና ቴፕ ይጠገን በነበረባቸው ዓመታት ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ስለነበር ምክንያቱን የሚጠይቅ አልነበረም። ሙዚቃን ከሞባይል ስልክ ብቻ የሚያውቅ የዛሬ ተማሪ ግን ክስተቱን ከነጭራሹ አይቶት ላያውቅ ይችላል። የስልክ ባትሪ ሲያልቅ ስልኩ ይጠፋል እንጂ ድምፁ አይወፍርም።

በዚህ ጽሑፍ ከዚህ ተራ ክስተት ተነሥተን ወደ አንድ ያልተለመደ መዝገብ ቤት እናመራለን፤ ለቴሌቪዥን ድራማ ድምፅ ትፈጥር የነበረች አንዲት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ደራሲ ወደ ተወቻቸው የቴፕ ጥቅልሎች። በመንገዳችንም በአዲስ አበባ ያስተማረ የዘርፉን አንድ ፈር ቀዳጅ እናገኛለን። ለአንባቢ እንዲመች ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በቅድሚያ ቴፕ ምን እንደሆነ እንይ። ቴፕ ስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው። በአንድ ገጹ ላይ እጅግ ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች በማጣበቂያ ተለብጠውበታል። ማይክሮፎን የአየርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ኤሌክትሪኩ ባለሙያዎች «ሄድ» በሚሉት ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ውስጥ ሲያልፍ ፊት ለፊቱ የሚያልፈውን ቴፕ ያማግንጠዋል። ንዝረቱ ከፍ ዝቅ ሲል በቴፑ ላይ የሚቀረው መግነጢስነትም ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ መንገድ ጊዜ ወደ ርዝመት ይለወጣል። ቀመሩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከምናውቀው የሞገድ ቀመር አይለይም፤ በቴፕ ላይ ያለው የሞገድ ርዝመት የቴፑ ፍጥነት ለድምፁ ድግግሞሽ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የስቱዲዮ ቴፕ በሰከንድ 38.1 ሴንቲ ሜትር ሲሮጥ የ1000 ሄርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 0.381 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ካሴት ግን የሚሮጠው በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ያው ድምፅ 0.048 ሚሊ ሜትር ላይ ተጨናንቆ ይጻፋል።

አሁን የባትሪው ነገር ግልጽ ነው። በቴፑ ላይ የተጻፈው የሞገድ ርዝመት አይለወጥም፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን በሰከንድ በሄዱ ፊት የሚያልፉት ሞገዶች ቁጥር ይቀንሳል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ዘፈኑም እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ዜማ በግማሽ ቶን ከፍ እንዲል የሚፈልግ ሰው ፍጥነቱን በ1.059 ማባዛት፣ ማለትም 6 በመቶ ገደማ መጨመር ይበቃዋል። ለአድማጭ ብልሽት የነበረው ነገር፣ ሆን ብሎ ለሚጠቀምበት ሰው ራሱን የቻለ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ይህንን መሣሪያ አስቀድመው ከተጠቀሙት ሰዎች መካከል ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብ ይገኝበታል። በ1921 በካይሮ የተወለደው ኤል ዳብ፣ በ1944 ከአንድ የካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ ተውሶ ሴቶች የሚያካሂዱትን የዛር ሥነ ሥርዓት ቀዳ። የሽቦ መቅጃ የቴፕ ታላቅ ወንድም ነው፤ ድምፁ የሚጻፈው በጥብጣብ ላይ ሳይሆን እንደ ፀጉር በቀጠነ የብረት ሽቦ ላይ ነው። ኤል ዳብ የቀዳውን ይዞ ወደ ጣቢያው ስቱዲዮ ከገባ በኋላ የድምፁን ዝቅተኛ መሠረታዊ ድግግሞሾች አጣርቶ አስወገደ፤ ከላያቸው የነበሩትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ አስቀርቶ በማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ እንደገና ቀዳቸው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 በፓሪስ ለዓለም ካስተዋወቀው ተመሳሳይ ሙከራ ይህ በአራት ዓመት ይቀድማል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ መሠረታዊው ድምፅ ቢወገድ ምን ይቀራል? የሰው ድምፅም ሆነ የማሲንቆ ክር በአንድ ድግግሞሽ ብቻ አይነዝርም። መሠረታዊው 120 ሄርዝ ቢሆን ከእርሱ ጋር 240፣ 360፣ 480 እያሉ የሚሄዱ ድምፆች አብረው ይሰማሉ። የጥንቱ የስልክ መስመር ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ አያሳልፍም ነበር፤ ሆኖም የአባታችንን ወፍራም ድምፅ በስልክ ስንሰማ የልጅ ድምፅ አይመስለንም። አንጎላችን ከቀሩት ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ያሟላዋል። ኤል ዳብ በ1944 የተጫወተው ጆሮ በሚሰማውና አንጎል በሚያሟላው መካከል ባለው በዚህ ክፍተት ነው።

ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963ም ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱንና እምቢልታውን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሟል። ከዚያ በፊት በኒውዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል የሠራው «ለይላ ኤንድ ዘ ፖየት» በሸክላ የወጣው በ1964 ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረውም በዚያው ዓመት ነበር። የኦርኬስትራው ስም በብዙዎች ዘንድ ሲታወቅ፣ መሥራቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጀማሪ እንደነበር በክፍል ውስጥ ስንጠይቅ የሚያውቅ ተማሪ እምብዛም አናገኝም።

የ1944ቱ ሥራ ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስድ ነበር። ከእርሱ ዛሬ ልንሰማው የምንችለው ወደ ቴፕ የተዛወረ የሁለት ደቂቃ ያህል ቁራጭ ነው። ሌላው ሙዚቃ ቢሆን ኖታው ከተረፈ ሌላ ሰው ይጫወተው ነበር። ለዚህ ግን ኖታ የለውም፤ የተቀዳው ነገር የሥራው ቅጂ ሳይሆን ራሱ ሥራው ነበር።

የዚህን ትርጉም በሚገባ የሚያሳየን ከካይሮ ሩቅ የሆነ፣ ግን በዚያው በኤል ዳብ የአዲስ አበባ ዓመታት የተሠራ የቴሌቪዥን ድራማ ሙዚቃ ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1958 «ሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ» የተሰኘ ክፍል በለንደን ሜይዳ ቬል ስቱዲዮዎቹ ውስጥ አቋቋመ። ሥራው ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ድራማዎች ተራ የሙዚቃ መሣሪያ የማይሰጣቸውን ድምፆች ማቅረብ ነበር። ዴሊያ ደርቢሻየር በ1962 ወደዚህ ክፍል ገባች። በ1937 በኮቨንትሪ የተወለደች ሲሆን በካምብሪጅ ሒሳብና ሙዚቃ አጥንታለች። በ1959 ዴካ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ ሥራ ብታመለክት በቅጂ ስቱዲዮዎቹ ሴት እንደማይቀጥር ተነግሯት ነበር። ሒሳብ ተምረን ምን እንሆናለን ብለው ለሚጠይቁን ሴት ተማሪዎቻችን የምንነግራቸው አንዱ ታሪክ ይህ ነው፤ የደርቢሻየር ሙዚቃ በአብዛኛው ሎጋሪዝምና ክፍልፋይ ነውና።

በ1963 «ዶክተር ሁ» ለተባለ አዲስ ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ የመግቢያ ዜማ ተፈለገ። ሮን ግሬነር የተባለው ደራሲ ዜማውን በወረቀት ጽፎ ለወርክሾፑ ሰጠ። በክፍሉ ሲንተሳይዘር አልነበረም፤ ለንግድ የሚቀርበው ሙግ ሲንተሳይዘር ገና አልወጣም። የነበሩት ለመሣሪያ መፈተሻ የተሠሩ ኦሲሌተሮች፣ የድምፅ ማጣሪያዎች፣ የቴፕ መቅጃዎችና ምላጭ ናቸው። ደርቢሻየር ከረዳቷ ከዲክ ሚልስ ጋር ሆና እያንዳንዷን ኖታ ለብቻዋ ሠራች። ወፍራሙ መነሻ ድምፅ አንድ ክር ተነካክቶ የተቀዳ ነው፤ ይኸው አንድ ድምፅ በተለያየ ፍጥነት እየተገለበጠ የተለያዩ ኖታዎች ሆነ። ከዚያም እያንዳንዷ ኖታ በሚፈለገው ርዝመት ተቆርጣ ከሚቀጥለው ጋር በማጣበቂያ ተያያዘች።

ርዝመቱን በምን ትለካ ነበር? በማስመሪያ ነዋ! በሰከንድ 38.1 ሴንቲ ሜትር በሚሮጥ ቴፕ ላይ ግማሽ ሰከንድ የምትቆይ ኖታ 19 ሴንቲ ሜትር ናት፤ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ የምትቆየው ደግሞ 4.8 ሴንቲ ሜትር ያህል። ኖታዋ ትንሽ ዘግየት እንድትል ከተፈለገ ከፊቷ አንድ ሴንቲ ሜትር ባዶ ቴፕ ማስገባት ነው። በርካታ ድምፆችን በአንድ ጊዜ በተለያየ መስመር የሚቀዳ መሣሪያ ስላልነበራቸው መነሻው፣ ዜማውና ሹክሹክታ የሚመስለው ድምፅ በየራሳቸው ቴፕ ተዘጋጁ፤ ማጫወቻዎቹም በእጅ እኩል ተነሥተው ድምፆቹ በሌላ ቴፕ ላይ ተቀላቀሉ። አንድ ጊዜ ድምፆቹ እየተላለፉ ቢያስቸግሯቸው ቴፖቹን በሕንፃው ረጅም ኮሪደር ጎን ለጎን ዘርግተው የተሳሳተችውን ቁራጭ በዓይናቸው ፈልገው እንዳገኙ ሚልስ ተርኳል። ይህ ሊሆን እንደሚችል በስሌት ማረጋገጥ አያስቸግርም። 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሚወስድ ሙዚቃ በዚህ ፍጥነት 53 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ስህተት ደግሞ 3.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ለጆሮ አጠራጣሪ የሆነው ስህተት ለዓይን ጉልህ ነው።

ድራማው ኅዳር 23 ቀን 1963 ለመጀመሪያ ጊዜ ተላለፈ። ግሬነር ውጤቱን ሲሰማ እጅግ ተደንቆ ገቢውን ከደርቢሻየር ጋር ሊካፈል ፈልጎ ነበር፤ የቢቢሲ የሠራተኞች ደንብ ግን አልፈቀደም። ስሟም ለዚህ ሥራ በስክሪን ላይ የተጻፈው በ2013፣ እርሷ ካረፈች ከ12 ዓመት በኋላ ነው። የድራማው ቀደምት ክፍሎች ከተሸጡላቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ ትገኛለች፤ ስለዚህ ያ በማስመሪያ የተለካ ዜማ ለአገራችን ተመልካችም እንግዳ አልነበረም።

ሌላዋ ዝነኛ ድምፅ ከአንድ አሮጌ አረንጓዴ የመብራት ቆብ የወጣች ናት፤ ሰሃራን ስለሚያቋርጡ የቱዋሬግ ሰዎች ለተሠራ ዘጋቢ ፊልም አገልግላለች። ደርቢሻየር ቆቡን መታችውና ቀዳችው፤ ከዚያም የምቱን መጀመሪያ አስወግዳ የሚያስተጋባውን ክፍል ብቻ አስቀረች። በትግራይ ገዳማት የድንጋይ ደወል የሰማ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይገምታል፤ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ መጀመሪያ «ቋ» የሚለውን ብናስወግድና የሚከተለውን ጩኸት ብቻ ብንሰማ ድንጋይ መሆኑን የምናውቅ አይመስለንም። ጆሮ የድምፅን ምንጭ የሚለየው በአብዛኛው ከመነሻው ነው። ደርቢሻየር በዚህ አላበቃችም። የቀረውን ድምፅ ወደ ድግግሞሾቹ ተንትና፣ ጠንካሮቹን 12 መርጣ፣ በወርክሾፑ 12 ኦሲሌተሮች እንደገና ገነባችው። በሁለተኛ ዓመት የሞገድ ትምህርት የፉሪዬ ትንተና የምንለው ይኸው ነው፤ እርሷ ግን በኮምፒዩተር ሳይሆን በጆሮና በእጅ ሠራችው።

ደርቢሻየር በ1973 ቢቢሲን ለቀቀች፤ በሐምሌ 2001 አረፈች። በቤቷ ጣሪያ ሥር በቁርስ ምግብ ካርቶኖች ውስጥ የታጨቁ 267 የቴፕ ጥቅልሎች ተገኙ። ቴፖቹ በማርክ ኤርስ እጅ ከቆዩ በኋላ በ2007 ለማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተሰጡ፤ ወደ ዲጂታልም ተገለበጡ። ከመካከላቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ ግን የ1990ዎቹ የጭፈራ ሙዚቃ የሚመስል አጭር ሙከራ ተገኝቶ ብዙዎችን አስገርሟል። የሚያስቀው፣ በቴፑ ላይ የራሷ ድምፅ ይህን እርሱት፣ ለጉጉት ያህል ብቻ ነው ይላል።

በእኛ አስተያየት በእንዲህ ያለ ስብስብ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጡት ተጠናቀው የተላለፉት ሥራዎች አይደሉም። እነዚያ በብዙ ቅጂ ሊገኙ ይችላሉ። ሌላ ቦታ የማይገኙት ቁርጥራጮቹ ናቸው፤ ገና ያልተጣራው ድምፅ፣ ፍጥነቱ ከመለወጡ በፊት የነበረው፣ ተሞክሮ የተጣለው። ለሳይንስ ተማሪ በቀላሉ ይገባዋል፤ የታተመው ጽሑፍ ውጤቱን ሲነግረን የላቦራቶሪው ደብተር መንገዱን ይነግረናል።

ስለ ድራማው ራሱ አንድ ነገር እንጨምር። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቪዲዮ ቴፖቹን እያጠፋ በላያቸው ሌላ ይቀዳ፣ የፊልም ቅጂዎቹንም ያስወግድ ስለነበር ወደ መቶ የሚጠጉ የዶክተር ሁ ክፍሎች ምስላቸው ጠፍቶ ቆይቷል። በ2013 ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች በናይጄሪያዋ ጆስ ከተማ በፊልም መገኘታቸው ይፋ ሆነ። የጠፉት ክፍሎች ድምፅ ግን በሙሉ አለ። ያተረፉት ድራማው ሲተላለፍ የቤታቸውን ቴፕ ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው የቀዱ ወጣቶች ናቸው። ታላቁ ተቋም ያጠፋውን የቤት ቴፕ አተረፈው!

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ተከስቷል። የዋልያስ ባንድ አባል የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሮኒክ ከበሮ ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ሠርቶ ነበር። ይህ ካሴት ከዓመታት በኋላ በባሕር ዳር በአንድ የውጭ አገር ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ በ2013 እንደገና ታትሞ ደራሲውን ወደ ዓለም መድረክ መለሰው።

ስለዚህ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ያለው ካሴት ምን ያህል ይቆያል? ብዙዎች መግነጢስነቱ በጊዜ ብዛት ይጠፋል ብለው ይሠጋሉ። የፊዚክሱ መልስ ሌላ ነው። የብረት ኦክሳይድ መግነጢስነቱን የሚያጣበት ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ በመሳቢያ ውስጥ ይህ አያሰጋም። ማግኔት ካለበት ድምፅ ማጉያ ርቆ እስከ ተቀመጠ ድረስ ጽሑፉ ይቆያል። የሚሞተው ማጣበቂያው ነው። በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተሠሩ አንዳንድ ቴፖች ላይ ያለው ፖሊዩሬቴን ከአየር እርጥበት እየሳበ ይፈራርሳል፤ ቴፑ ሲጫወት ይጣበቃል፣ ይጮኻል፣ ቡናማው ልባስም ከነድምፁ በሄዱ ላይ ተገፎ ይቀራል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ቴፕ በ50 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት አድርቀው ለአጭር ጊዜ እንዲጫወት ያደርጉታል። ይህ በቤት ምድጃ የሚሞከር አይደለም፤ ለሁሉም ዓይነት ቴፕም አይሠራም። እንደ ደርቢሻየር ባሉ በተቀጣጠሉ ቴፖች ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ የመቀጠያው ማጣበቂያ ሲደርቅ ሙዚቃው ወደ ተሠራበት ቁርጥራጭ ይመለሳል።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኘው መቐለ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደረቅ አየር ስላላት ከእርጥበቱ በኩል ዕድለኛ ናት። በአቧራ በኩል ግን አይደለችም። ቴፕ ከሄዱ በርቀት መ ሲለይ የሚጠፋው ድምፅ በዴሲቤል 54.6 ሲባዛ በመ፣ ሲካፈል ለሞገዱ ርዝመት ነው። በካሴት ላይ የ10,000 ሄርዝ ድምፅ ሞገድ 4.76 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ማይክሮ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ብናኝ በመካከል ቢገባ ኪሳራው 11.5 ዴሲቤል ይሆናል፤ የሞገዱ ቁመት ወደ ሩብ ገደማ ወረደ ማለት ነው። በስቱዲዮው ፍጥነት ያው ብናኝ የሚያጠፋው 1.4 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጥገና ቤት «ካሴትህ አርጅቷል፣ ድምፁ ታፍኗል» ሲባል ካሴቱ ሳይሆን ሄዱ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን፤ ጥጥና ንጹሕ አልኮል ብዙ ጊዜ ወጣቱን ድምፅ ይመልሳሉ።

ካሴቱን ከማጫወት በፊት ክሩ ልል ከሆነ በእስክሪብቶ ቀስ አድርጎ ማጠንጠን፣ ማጫወቻውን ዋጋ በሌለው ሌላ ካሴት አስቀድሞ መፈተን፣ ከዚያም በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ መገልበጥ ይገባል፤ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላልና። ለመዝገብ የሚሆን ቅጂ በሰከንድ 96,000 ናሙና በ24 ቢት ይቀዳል፤ በሁለት መስመር አንድ ሰዓት 2 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ቅጂው የት ይቀመጥ ለሚለው የዚህ ከተማ ሰው ከማንም የተሻለ መልስ አለው። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ኢንተርኔትና ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው በነበሩበት ወቅት በሩቅ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ፋይል እዚህ ላለው ባለቤቱ እንደሌለ ይቆጠር ነበር። አንድ ቅጂ ሩቅ፣ አንድ ቅጂ በእጅ፣ አንድ ደግሞ በዘመድ ቤት ቢሆን ይመረጣል።

ተገልብጧል ተብሎም ዋናው ቴፕ አይጣል። በሚቀዳበት ጊዜ ድምፁ እንዳይዛባ ከድምፁ ጋር አብሮ የሚላክ፣ ጆሮ የማይሰማው፣ ብዙ ጊዜ ከ40,000 ሄርዝ በላይ የሆነ «ባያስ» የሚባል ንዝረት አለ። የዚህ ንዝረት ጭላንጭል በቴፑ ላይ ይቀራል። ድግግሞሹ ሲቀዳ የተረጋጋ ስለነበር፣ ዛሬ በልዩ ሄድ ተነቦ ከፍ ዝቅ ካለ የሞተሩ ፍጥነት በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደ ተዛነፈ ይታወቃል፤ ኮምፒዩተርም የድምፁን መወላገድ በዚያው መጠን ያቃናዋል። ስልሳ ዓመት ያለፈውን የአንድ ሞተር መንገዳገድ ማስተካከል የሚቻለው ግን ከዋናው ቴፕ ብቻ ነው፤ በተለመደው መንገድ በተገለበጠ ቅጂ ላይ ይህ ንዝረት የለም።